እጣቢ ውሃን መልሶ መጠቀም

እጣቢ ውሃን መልሶ መጠቀም ማለት ለገላ፣ ለእጅ፣ ለልብስ ወይም ለዕቃ ማጠቢያ አንድ ጊዜ ያገለገለን ውሃ ሳይደፉ ያን ያህል ንጽሕና ለማይጠይቅ ሌላ ሥራ ማዋል ነው። ውሃው ከሽንት ቤት ፍሳሽ ጋር እስካልተቀላቀለ ድረስ ለወለል ማጠቢያ፣ ለሽንት ቤት መልቀቂያ ወይም ለጓሮ ተክል ሊያገለግል ይችላል። ዝናብ በሚያንስባቸው፣ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ወይም ውሃ በጀሪካን ተቀድቶና ተገዝቶ በሚገባባቸው አካባቢዎች ከተለመዱት የቤት ውስጥ የውሃ ቁጠባ ዘዴዎች አንዱ ነው።

ዘዴው ቀላል ቢመስልም ውጤቱን ሦስት ነገሮች ይወስኑታል፦ ውሃው በምን ቅደም ተከተል እንደሚሠራበት፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቀመጥና ምን እንደተጨመረበት። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ በሽታ ሊተላለፍ ይችላል፤ ውሃው ከቆየ ይሸታል፣ ትንኝም ያራባል፤ ጨው ከበዛበት ደግሞ የጓሮውን አፈር ያበላሻል። በዚህ ምክንያት እጣቢን መልሶ መጠቀም ብዙውን ጊዜ ብክነትን ከመቀነስና የዝናብ ውሃን ከማጠራቀም ጋር አብሮ ይታያል።

ስያሜና ዓይነቶች

በአማርኛ «እጣቢ» የሚለው ቃል ዕቃ፣ ልብስ ወይም ሌላ ነገር የታጠበበትን ውሃ ያመለክታል። ከውጭ ቋንቋ በቀጥታ ተተርጉሞ «ግራጫ ውሃ» የሚባልበት ጊዜም አለ። ከአንድ ቤት የሚወጣ ፍሳሽ በጥቅሉ በሦስት ይከፈላል።

- ቀላል እጣቢ፦ ከገላ መታጠቢያ፣ ከእጅ መታጠቢያና ከልብስ ማጠቢያ የሚወጣ ውሃ ነው። ሳሙና፣ ላብ፣ ፀጉር፣ አቧራና የጨርቅ ብናኝ ይኖርበታል። መልሶ ለመጠቀም ከሁሉም የተሻለው ይህ ነው።
- ከባድ እጣቢ፦ ከወጥ ቤት የሚወጣው ሲሆን ቅባትና የምግብ ፍርፋሪ ስላለበት ቶሎ ይበላሻል፤ ቱቦም ይደፍናል። በአንዳንድ አገሮች ደንብ መልሶ ጥቅም ላይ ከሚውለው ውሃ ጋር አይቆጠርም።
- የሽንት ቤት ፍሳሽ፦ ሽንትና ዓይነ ምድር የተቀላቀለበት ነው። በሽታ አምጪ ተሕዋስያን በብዛት የሚገኙበት በመሆኑ በቤት ውስጥ ዘዴዎች መልሶ አይሠራበትም።

ከእነዚህ መካከል ሁለቱ የእጣቢ ዓይነቶች ተደምረው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቤት ፍሳሽ ከግማሽ በላይ ይሆናሉ። አንድ ዓይነት እጣቢም ቢሆን ንጽሕናው እኩል አይደለም። ልብስ በመጨረሻ የተለቀለቀበት ውሃ መጀመሪያ ከታጠበበት ውሃ እጅግ የጠራ ነው፤ አትክልት ወይም ሩዝ የታጠበበት ውሃ ደግሞ ሳሙና የለበትም።

በቤት ውስጥ ያለው የውሃ ፍጆታ

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ፣ ለምግብ ማብሰያና ለመሠረታዊ ንጽሕና በቀን ለአንድ ሰው 20 ሊትር ገደማ ዝቅተኛ መጠን እንደሆነ ይገልጻል። አብዛኛውን መሠረታዊ ፍላጎት ለማሟላት ከ50 እስከ 100 ሊትር ያስፈልጋል ይባላል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2010 ንጹሕ ውሃና የአካባቢ ንጽሕና ማግኘትን ሰብዓዊ መብት አድርጎ ተቀብሏል። ኢትዮጵያ በሁለተኛው የእድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር ነዋሪ ያስቀመጠችው መለኪያ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ በቀን 25 ሊትር ለአንድ ሰው ነበር።

ቁጠባው የት ላይ እንደሚገኝ ለማወቅ ቤቱ ውሃ የሚያገኝበትን መንገድ ማየት ያስፈልጋል። ቧንቧ በገባለትና በውሃ የሚለቀቅ ሽንት ቤት ባለው ቤት ከፍተኛ ውሃ ከሚወስዱት ነገሮች አንዱ ሽንት ቤቱ ነው። ለምሳሌ ማጠራቀሚያው በአንድ ጊዜ 9 ሊትር የሚለቅ ከሆነና አምስት ሰዎች እያንዳንዳቸው በቀን አምስት ጊዜ ቢለቁት 225 ሊትር ይሄዳል። ይህ ከ11 ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች በላይ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ቤት የገላ እጣቢን በባልዲ አጠራቅሞ ለሽንት ቤት መልቀቂያ ማዋል ብዙ ንጹሕ ውሃ ያተርፋል።

ውሃ ከቦኖ፣ ከጉድጓድ ወይም ከቦቴ በጀሪካን በሚገባበት ቤት ግን ሁኔታው ይለያል። ሽንት ቤቱ ብዙ ጊዜ ጉድጓድ ስለሆነ ውሃ አይለቀቅበትም፤ የሚባክነውም ውሃ ትንሽ ነው። በእነዚህ ቤቶች እጣቢን ለሌላ ሥራ ማዋል አዲስ ዘዴ ሳይሆን የቆየ ልማድ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ክብደቱ ከ20 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚሆንና ውሃ የመቅዳት ሥራ በአብዛኛው በሴቶችና በልጃገረዶች ላይ ስለሚወድቅ፣ በቀን አንድ ጀሪካን መቆጠብ አንድ ምልልስ መቀነስ ማለት ነው።

የአጠቃቀም ቅደም ተከተል

መልሶ የመጠቀም ዋና ደንብ ውሃ ከንጹሕ ሥራ ወደ ቆሻሻ ሥራ ይወርዳል እንጂ ወደ ላይ አይመለስም የሚል ነው። የተለመደው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው፦

1. መጠጥና ምግብ ማብሰያ
2. ፊት፣ እጅና ገላ
3. የምግብ ዕቃ
4. ልብስ
5. ወለል፣ ጫማና ደጃፍ
6. ሽንት ቤት መልቀቂያ ወይም የጓሮ ተክል

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሥራዎች ሁልጊዜ ንጹሕ ውሃ ይፈልጋሉ። እጣቢ የሚገባው ከአራተኛው ጀምሮ ሲሆን እዚያም ገና ያልቆሸሸ መሆን አለበት። ወለል የታጠበበት ውሃ ለልብስ አይመለስም፤ ልብስ የታጠበበትም ለዕቃ አይውልም።

ልብስ ማጠብ ደንቡን በግልጽ ያሳያል። አንድ ቤተሰብ ሁለት ክምር ልብስ በሦስት ሳፋ ያጥባል እንበል፤ አንዱ ሳፋ ለማጠቢያ፣ ሁለቱ ለማለቅለቂያ ነው፤ እያንዳንዱም 20 ሊትር ይይዛል። ለሁለቱም ክምር ሁልጊዜ አዲስ ውሃ ከተቀዳ 120 ሊትር ያስፈልጋል። ነገር ግን ነጩና ብዙ ያልቆሸሸው ልብስ ቀድሞ ቢታጠብ፣ የእሱ የመጀመሪያ ማለቅለቂያ ለሁለተኛው ክምር ማጠቢያ፣ ሁለተኛው ማለቅለቂያ ደግሞ የመጀመሪያ ማለቅለቂያ ይሆናል። አዲስ የሚቀዳው ለመጨረሻው ማለቅለቂያ የሚሆን 20 ሊትር ብቻ ነው። ጠቅላላው 80 ሊትር ስለሚሆን ሁለት ጀሪካን ይተርፋል። በመጨረሻ ሳፋዎቹ ውስጥ የቀረው ውሃ ለወለል ወይም ለሽንት ቤት ይውላል።

ሳሙና ያልነካው እጣቢ ከዚህ ሰንሰለት ውጪ ሊታይ ይችላል። ጎመን፣ ድንች ወይም ሩዝ የታጠበበት ውሃ በቀጥታ ለተክል ይሰጣል፤ በብዙ የገጠር ቤቶችም የምግብ ትራፊ ያለበት ሳሙና አልባ እጣቢ ለከብት ይቀርባል።

ለጓሮ ተክል ማዋል

እጣቢን ለተክል መስጠት ከሌሎች አጠቃቀሞች የሚለየው አፈሩ ራሱ እንደ ማጣሪያ ስለሚያገለግል ነው። በላይኛው የአፈር ንብርብር የሚኖሩ ጥቃቅን ተሕዋስያን የሳሙናውን ቅሪት፣ ቅባቱንና ሌላውን ብስባሽ ይፈጩታል፤ ጥቂት ናይትሮጅንና ፎስፈረስም ለተክሉ ይተርፋል። ይህ እንዲሆን ግን ውሃው ተከፋፍሎ መፍሰስና በአፈሩ ውስጥ መስረግ አለበት። በአንድ ቦታ ሁልጊዜ ከተደፋ አፈሩ አየር ያጣና ይሸታል።

በቀላሉ የሚሠሩ ዘዴዎች የሚከተሉት ናቸው።

በባልዲ ማጠጣት፦ ምንም መሣሪያ አይፈልግም። ውሃው በቅጠሉ ላይ ሳይሆን ከግንዱ ትንሽ ራቅ ብሎ በሥሩ ዙሪያ ይፈስሳል፤ ቦታውም በየቀኑ ይቀያየራል።

ጉዝጓዝ የለበሰ ገንዳ፦ በዛፍ ዙሪያ ክብ ጉድጓድ ይቆፈርና በገለባ፣ በደረቀ ሣር ወይም በእንጨት ፍቅፋቂ ይሞላል። እጣቢው ከጉዝጓዙ ሥር ስለሚገባ ሰው አይነካውም፤ ትንነትም ይቀንሳል። ሙዝና ፓፓያ ብዙ ውሃ ስለሚወስዱ ለዚህ ይመረጣሉ።

የልብስ ማጠቢያ ማሽን ቱቦ፦ ማሽኑ ውሃውን የሚያስወጣበት ፓምፕ ስላለው ቱቦውን ወደ ጓሮ ማዞር ይቻላል። በመካከሉ ውሃውን ወደ ጓሮ ወይም ወደ ፍሳሽ ማስወገጃ የሚቀይር ቫልቭ ይገጠምበታል፤ በረኪና ወይም የሕፃን ጨርቅ የታጠበበት ውሃ ወደ ፍሳሹ እንዲሄድ ለማድረግ ነው።

የተክል ማማ፦ ቦታ ለሌለው ቤት የሚስማማ ሲሆን ከጆንያ ወይም ከጥላ መረብ የተሠራ ክብ ከረጢት በእንጨት ቋሚዎች ተደግፎ ይቆማል። በመሐሉ ከታች እስከ ላይ የድንጋይ ዐምድ ይደረደራል፤ ዙሪያውን አፈር፣ ፍግና የእንጨት አመድ ተቀላቅሎ ይሞላል። ቅጠላ ቅጠል አትክልት በከረጢቱ ጎን በተበሱ ቀዳዳዎች ይተከላል። እጣቢው በየቀኑ በድንጋዩ ላይ ሲፈስስ ወደ አፈሩ እየተሠራጨ ይሰርጋል።

በኢትዮጵያ

የተክል ማማ በኢትዮጵያ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዷ አርባ ምንጭ ናት። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2010 በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ በአራት የምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች በተካሄደ የአካባቢ ንጽሕና ፕሮጀክት ውስጥ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተሳታፊ ነበር፤ ከሥራዎቹም አንዱ በነዋሪዎች ግቢ ማማዎችን አቁሞ በእጣቢ አትክልት ማብቀል ነበር። የፕሮጀክቱ ሐሳብ ፍሳሽን እንደ ቆሻሻ ብቻ ሳይሆን ውሃና ማዳበሪያ እንደሚገኝበት ሀብት ማየት ነው።

በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል የውሃ ቁጠባ ጥያቄ ከዚህም ይከብዳል። የሐረር ከተማ የውሃ ምንጭ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደርቆ ነበር፤ ለመስኖና ለከተሞች ከመጠን በላይ መሳቡና በደለል መሞላቱ ከምክንያቶቹ መካከል ይጠቀሳሉ። ከዚያ በኋላ ለከተማዋ ውሃ ከድሬዳዋ አቅጣጫ ከጉድጓድ ተስቦ በረጅም መስመር እንዲመጣ ተደርጓል። ከዚያ ርቆ በሶማሌ ክልል ደግሞ የዝናብ ጎርፍ የሚጠራቀምበት፣ በመሬት ውስጥ ተቆፍሮ በሲሚንቶ የሚለሰን «ቢርካ» የተባለ የውሃ ማጠራቀሚያ በሰፊው ይሠራበታል። የቢርካ ውሃ እስከ ቀጣዩ ዝናብ መድረስ ስላለበት የአንድ ቤተሰብ የቀን ፍጆታ በጥንቃቄ ይመጠናል።

ሳሙና፣ ጨውና አፈር

በደረቅ አካባቢ አፈርን ቀስ በቀስ የሚጎዳው በእጣቢው ውስጥ ያለው ጨው ነው። ብዙዎቹ የዱቄት ሳሙናዎች ሶዲየም ያለባቸው ውሕዶች ይዘዋል። ዝናብ በሚበዛበት አገር ጨው በዝናቡ ታጥቦ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ዝናብ በሚያንስበት ግን ውሃው ተንኖ ጨው በላይኛው አፈር ይቀራል። ሶዲየም ሲበዛ በተለይ የሸክላ አፈር ቅንጣቶች ተበታትነው አፈሩ ይደፈናል፤ ሲደርቅ ጠንካራ ቅርፊት ይሠራል፤ ውሃም አያሰርግም።

ለዚህ የሚደረጉ ጥንቃቄዎች ብዙ ወጪ አይጠይቁም፦

- ለተክል በተቻለ መጠን የማለቅለቂያውን ውሃ መስጠት፤ ዱቄት ሳሙና የበዛበትን የመጀመሪያ እጣቢ ለወለል ወይም ለሽንት ቤት ማዋል።
- የሳሙናውን መጠን መቀነስ፤ ከተገኘ ከዱቄት ይልቅ ፈሳሽ ሳሙና መምረጥ።
- በረኪና፣ የልብስ ቀለምና ጠንካራ የጽዳት ኬሚካል የገባበትን ውሃ ለተክል ፈጽሞ አለመስጠት።
- እጣቢና ንጹሕ ውሃ ማፈራረቅ፤ በዝናብ ወቅት እጣቢን ማቆምና ዝናቡ አፈሩን እንዲያጥበው መተው።
- ኮምፖስትና ፍግ በመጨመር አፈሩን ማጠናከር።

ተክሎችም ጨውን የሚችሉበት መጠን ይለያያል። አቮካዶ፣ ሎሚና ብርቱካን ጨውን በቀላሉ የማይችሉ ሲሆኑ የቴምር ዛፍ በጣም ይቋቋማል። የቅጠል ጠርዝ መቃጠልና በአፈር ላይ የሚታይ ነጭ ብናኝ ጨው እየበዛ ለመሆኑ ምልክቶች ናቸው። ችግኝ ከጎለመሰ ተክል ይልቅ ስለሚጎዳ ሥር እስኪሰድድ ድረስ በንጹሕ ውሃ ቢጠጣ ይመረጣል።

የጤና ጥንቃቄ

እጣቢ ከሽንት ቤት ፍሳሽ ያነሰ ቆሻሻ ቢሆንም ንጹሕ ግን አይደለም። ከገላና ከልብስ የሚታጠብ ጥቂት ዓይነ ምድር በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎችን ይዞ ሊገባ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ ፍሳሽና እጣቢ በግብርና ላይ በጥንቃቄ ስለሚውሉበት መንገድ ዘርዝሯል። በቤት ደረጃ የሚሠራባቸው ዋና ዋና ደንቦች እነዚህ ናቸው፦

- እጣቢ ከ24 ሰዓት በላይ አይቀመጥም። በሳሙናና በላብ ውስጥ ያለው ምግብ ለባክቴሪያ መራቢያ ይሆናል፤ በውሃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሲያልቅም መጥፎ ሽታ ይጀምራል።
- ጥሬውን የሚበላ ሰላጣ፣ ካሮትና የመሳሰለው በእጣቢ አይጠጣም። የፍሬ ዛፎችና በስለው የሚበሉ አትክልቶች ይመረጣሉ፤ ውሃውም የሚበላውን ክፍል እንዳይነካ ይደረጋል።
- እጣቢ በአየር ላይ አይረጭም፤ ምክንያቱም ጠብታው በትንፋሽ ሊገባ ይችላል።
- በቤት ውስጥ ተቅማጥ ወይም ሌላ ተላላፊ በሽታ የያዘው ሰው ሲኖር፣ እንዲሁም የሕፃን ጨርቅ ሲታጠብ እጣቢው ይደፋል።
- የእጣቢ ባልዲና ጀሪካን ምልክት ይደረግበታል፤ ለመጠጥ ውሃ ከሚውለው ጋር አይቀያየርም። ቱቦ ከተዘረጋም ከንጹሕ ውሃ መስመር ጋር በምንም ቦታ አይገናኝም።
- እጣቢን የነካ ሰው እጁን በሳሙና ይታጠባል።

የተጠራቀመ ውሃና ትንኝ

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሰዎች በበርሜል፣ በሮቶና በባልዲ ውሃ ያከማቻሉ። ይህ ልማድ በሞቃታማና ደረቅ ከተሞች የራሱ የጤና መዘዝ አለው። ዴንጊ ትኩሳትን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው በእንዲህ ዓይነቱ የቤት ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ነው፤ በድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 የዴንጊ ወረርሽኝ ተከስቶ ነበር። ከደቡብ እስያና ከዐረብ ባሕረ ሰላጤ ምድር የመነጨችው አኖፌሊስ ስቴፈንሳይ የተባለች የወባ ትንኝም በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ነበር። ይህች ትንኝ ከሌሎቹ የወባ ትንኞች የምትለየው በከተማ ውስጥ፣ በበጋም ጭምር፣ በውሃ ማጠራቀሚያዎች መራባት በመቻሏ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ ከተከሰተው የወባ ወረርሽኝ ጋርም በጥናት ተያይዛለች።

ከእንቁላል ተነስቶ የሚበርር ትንኝ ለመሆን በሞቃት አየር አንድ ሳምንት ገደማ ሊበቃ ይችላል። ስለዚህ የማጠራቀሚያ ክዳን ክፍተት እንዳይኖረው ማድረግ፣ የአየር ማስገቢያውን በወንፊት መሸፈንና ክፍት ዕቃዎችን ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ደፍቶ ግድግዳቸውን መፈተግ ያስፈልጋል። እንቁላሉ በዕቃው ጎን ላይ ስለሚጣበቅ መድፋት ብቻውን አይበቃም።

የዝናብ ውሃን ማጠራቀም

በደረቅ አካባቢ ዝናብ ጥቂት ቢሆንም በአጭር ጊዜ በኃይል ስለሚዘንብ ከቆርቆሮ ጣሪያ በአሸንዳ ሰብስቦ ማስቀመጥ ይቻላል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። በዓመት 300 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሚያገኝ አካባቢ 40 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ 12,000 ሊትር ይቀበላል። ከዚህ አምስተኛው በትንነት፣ በመፍሰስና በመጀመሪያው መድፋት ይባክናል ቢባል 9,600 ሊትር ይቀራል፤ ይህም 480 ጀሪካን ነው። በቀን 50 ሊትር ለሚጠቀም ቤተሰብ ከስድስት ወር በላይ ይበቃል።

ይህን ሁሉ ለመጠቀም ግን የሚያስቀምጡበት ያስፈልጋል፤ ከሥራው ሁሉ ውድ የሚሆነውም ማጠራቀሚያው ነው። ማጠራቀሚያው ትንሽ ከሆነ የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ ሞልቶት የቀረው ይፈስሳል። ከበጋ በኋላ የሚዘንበው የመጀመሪያ ውሃ በጣሪያው ላይ የቆየውን አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ ስለሚወርድ ለመጠጥ አይቀመጥም። ከዚያም በኋላ የሚሰበሰበው ውሃ ለመጠጥ ከዋለ ማፍላት ወይም በሌላ መንገድ ማከም ይገባል። የከርሰ ምድር ውሃው ፍሎራይድ በሚበዛበት በስምጥ ሸለቆ የዝናብ ውሃ ተጨማሪ ጥቅም አለው፤ ፍሎራይዱ እጅግ አነስተኛ ነውና።

ብክነትን መቀነስ

እጣቢ ከመሰብሰብ በፊት ንጹሕ ውሃ የሚባክንበትን ቦታ መድፈን ይቀድማል። በሰከንድ አንድ ጊዜ የሚንጠባጠብ ቧንቧ፣ ጠብታው ሩብ ሚሊ ሊትር ቢሆን፣ በቀን ከ21 ሊትር በላይ ያፈስሳል፤ አንድ ጀሪካን ማለት ነው። የዚህ መነሻ ብዙ ጊዜ ያለቀ የቧንቧ ጎሚኒ ሲሆን መቀየሩ ቀላል ነው። የሽንት ቤት ማጠራቀሚያ ማፍሰሱ ደግሞ በዓይን ስለማይታይ ቀለም ያለው ነገር በማጠራቀሚያው ውስጥ ጨምሮ ሳይለቁ መጠበቅ ይቻላል። ቀለሙ ወደ መቀመጫው ከወረደ ይፈስሳል ማለት ነው። በአሮጌ ማጠራቀሚያ ውስጥ በውሃ የተሞላና የተከደነ የፕላስቲክ ጠርሙስ ማስቀመጥ በተለቀቀ ቁጥር የጠርሙሱን ያህል ውሃ ያተርፋል።

ሻወር በደቂቃ 10 ሊትር የሚያፈስስ ከሆነ በአምስት ደቂቃ 50 ሊትር ይሄዳል፤ በባልዲና በጆግ የሚታጠብ ሰው ግን በ15 ሊትር ሊጨርስ ይችላል። እጅ ለመታጠብም ቧንቧ ክፍት ከመተው ይልቅ በጆግ በጥቂቱ እያፈሰሱ መታጠብ ይቆጥባል፤ ከምግብ በፊት በማስታጠቢያ የማስታጠብ ልማድ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። ውሃው በሳህን ስለሚጠራቀምም ለሌላ ሥራ ለማዋል ይመቻል።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮ

በደቡብ አፍሪካ የኬፕ ታውን ከተማ ከ2015 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. በተከታታይ በደረሰባት ድርቅ ግድቦቿ ሊደርቁ ተቃርበው ነበር። የከተማው አስተዳደር ቧንቧዎች የሚዘጉበትን ቀን «ዜሮ ቀን» ብሎ በማወጅ ከየካቲት 2018 ጀምሮ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ወሰነ። ቀኑ ቢደርስ ነዋሪው ተሰልፎ የሚቀዳው 25 ሊትር ብቻ ይሆን ነበር። ነዋሪዎች በሳፋ ውስጥ ቆመው እየታጠቡ በዚያው ውሃ ሽንት ቤታቸውን ይለቁ ጀመር። የከተማዋ የቀን ፍጆታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በግማሽ ገደማ ቀነሰ፤ በ2018 ክረምት ዝናብ በመጣሉም ዜሮ ቀን ሳይደርስ ቀረ።

በአሜሪካ የአሪዞና ግዛት እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣችው ደንብ አንድ ቤት በቀን እስከ 1,500 ሊትር ገደማ እጣቢ፣ የወጥ ቤቱን ሳይጨምር፣ የተቀመጡትን ጥንቃቄዎች እስከጠበቀ ድረስ ለየብቻ ፈቃድ ሳያወጣ ለጓሮው እንዲጠቀም ፈቀደች። በዚያው ግዛት የምትገኘው ቱሳን ከተማ ከ2010 ጀምሮ አዲስ የሚሠሩ መኖሪያ ቤቶች የእጣቢ መስመራቸው ተለይቶ እንዲዘረጋ አዝዛለች። ቤቱ ሲሠራ መስመሩን መለየት ግድግዳ አፍርሶ ከመቀየር በጣም ይረክሳል።

ሌሎች አገሮች ሥራውን በከተማ ደረጃ ያከናውናሉ። እስራኤል ከከተሞች የሚወጣውን ፍሳሽ ከ80 በመቶ በላይ አጣርታ በአብዛኛው ለግብርና ትጠቀምበታለች። የናሚቢያ ዋና ከተማ ዊንድሁክ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ የተጣራ ፍሳሽን ወደ መጠጥ ውሃ መስመር በመመለስ በዓለም የመጀመሪያዋ ከተማ ሆናለች።

ገደቦች

እጣቢን መልሶ መጠቀም አዲስ ውሃ አይፈጥርም። የከተማው ፍሳሽ ተጣርቶ ለእርሻ በሚውልበት አገር አንድ ቤት ለጓሮው ያስቀረው እጣቢ ከእርሻው የተወሰደ ነው፤ በአገር ደረጃ ሲታይ ትርፉ ትንሽ ይሆናል። ፍሳሹ ያለ ጥቅም በሚፈስስበት ወይም ውሃ ከሩቅ በሚቀዳበት ቦታ ግን እያንዳንዱ መልሶ የተሠራበት ሊትር እውነተኛ ቁጠባ ነው።

ሁለተኛው ገደብ የጉልበት ነው። ባልዲ መሸከም፣ እጣቢ መለየትና ማጠራቀሚያ መፈተግ ጊዜ ይወስዳል፤ ይህም ብዙ ጊዜ ውሃ በሚቀዱት በሴቶች ላይ ይጨመራል። ዘዴው ከሚያድነው ምልልስ የበለጠ ሥራ ከጠየቀ በተግባር አይዘልቅም።

ሦስተኛው ገደብ ከጤና ጋር የተያያዘ ነው። በጣም ጥቂት ውሃ ባለበት ቤት መጀመሪያ የሚቀረው የፊትና የእጅ መታጠብ ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያ በተለይ በአማራ ክልል በስፋት የሚገኘውን ትራኮማ (የዓይን ማዝ) ለመከላከል ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ የሕፃናትን ፊት በየጊዜው ማጠብ ነው፤ እከክና ተቅማጥም ንጽሕና ሲጎድል ይበዛሉ። ስለዚህ ቁጠባ ከቅደም ተከተሉ ታች መጀመር አለበት፤ ንጹሕ ውሃ ከሽንት ቤት፣ ከወለልና ከጓሮ ላይ ተቆጥቦ ለመጠጥ፣ ለእጅና ለፊት ይተርፋል። በቀን ለአንድ ሰው ከ20 ሊትር በታች በሚገኝበት ቦታ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ውሃ ማቅረብ ነው፤ ቁጠባ የአቅርቦትን ቦታ አይተካም።

ደግሞ ይዩ

- የዝናብ ውሃ ማጠራቀም
- የሐረማያ ሐይቅ
- ቢርካ
- ትራኮማ
- ዴንጊ ትኩሳት